ሜካኒካል ቬፕ ሲግል፦ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደጋለ ዳስሱ

"ቬፔ እጄን እያቃጠለኝ ነው፣ ምን ላድርግ?" ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው። የቱ ጋ ነው የሚያቃጥለው? አናቱ ላይ? ወገቡ ላይ? ወይስ ታች፣ ቁልፉ ጋ? ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። አንዱ ብዙ ጊዜ በሽታም አይደለም። አንዱ በሎሚና በሶፍት ይድናል። አንዱ ግን ዛሬውኑ ካልቆመ ኪስ ውስጥ የሚፈነዳው እሱ ነው።

ቬፕ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ሜካኒካል የምንለው ደግሞ ያንን አጭር ዱላ የመሰለ የብረት ቱቦ ነው። ከነሐስ፣ ከመዳብ ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራል። ውስጡ ባትሪ፣ ታች ቁልፍ፣ ላይ ደግሞ ኮይል፣ ማለትም የሚግለው ጥቅል ሽቦ፣ እና ጥጥ የተቀመጠበት አቶማይዘር። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ስክሪን የለ፣ ዋት መቀነሻ የለ፣ ሾርት ሲሆን የሚያጠፋ ቦርድ የለ፣ ፊውዝ እንኳ የለም። ቦርድ ያላቸው ቬፖች ሲግሉ ራሳቸው ያቆማሉ፣ ባትሪው ሲደክም ይዘጋሉ፣ ኮይሉ ካላማራቸው "አልሠራም" ይላሉ። ሜካኒካሉ ግን ቁልፉን እስከተጫናችሁት ድረስ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይለቃል። በቃ የሚል ካለ የያዘው ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማምረት፣ ማስገባትና መሸጥ እዚህ አገር ክልክል ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ከልክሎታል። ስለዚህ ቦሌም ሆነ ፒያሳ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ዕቃ በሻንጣ ገብቶ በትውውቅ የተሸጠ ነው። ዋስትና የለውም። ተመልሳችሁ "ይሄ ነገር አስቸገረኝ" የምትሉበት ሱቅ የለም። ባትሪው ትክክለኛ ይሁን ፌክ ያረጋገጠ ሰውም የለም። ይሄ ጽሑፍ ግዙ ለማለት አይደለም። አሁን እጃችሁ ላይ ላለውና ለሚግለው ነው።

እሺ፣ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሶኬቱ ሲላላ ሶኬቱ ራሱ ይግላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ እንጀራውም በወጉ አይበስልም። በምጣዱ ሽቦና በላላው ሶኬት የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ግን ከረንት መንገዱ የጠበበበት ቦታ ሁሉ ሙቀት ይተዋል። ባለሙያዎቹ ይሄን መጥበብ ሬዚስታንስ ይሉታል፣ የሚለካው በኦም ነው። በሜካኒካል ቬፕ ውስጥ መንገዱ እንዲጠብ የምንፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ኮይሉ ላይ። ሌላ ቦታ ከጋለ ወይ እዚያ ያልታሰበ ጠባብ መንገድ አለ፣ ወይ ደግሞ ኮይሉ ባትሪው የማይችለውን እየጠየቀው ነው። የሚከተለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ዳሰሳው እንዲህ ነው። ቬፑ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ባትሪውን አውጡና ልባሱን፣ ማለትም ዙሪያውን የሸፈነውን ስስ ፕላስቲክ፣ በብርሃን እያዞራችሁ እዩ። ከተቀደደ ዳሰሳ የሚባል ነገር የለም፣ እዚያው ላይ ይቆማል። ደህና ከሆነ መልሳችሁ ክተቱት፣ ጥጡ በጁስ፣ ማለትም ወደ ጭስ በሚለወጠው ፈሳሽ፣ መራሱን አረጋግጡ፣ ቁልፉን ሁለት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ልቀቁ። ከዚያ ወዲያው በጣት ጫፍ ከላይ ወደ ታች ዳስሱት። ወዲያው የሚለው ቃል ዋና ነው። መዳብና ነሐስ ሙቀት ስለሚያጓጉዙ ከቆያችሁ ሙቀቱ በቱቦው ሁሉ ተሰራጭቶ ከየት እንደተነሳ አይለይም።

አናቱ ብቻ ከሞቀ

ይሄ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ኮይሉ ሲሠራ ከ200 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፣ የተቀመጠውም ብረት ላይ ነው፣ ብረቱ መሞቁ አይቀርም። ቡና እየጠጣችሁ፣ ወሬው ጥሞ፣ ሳታስቡት ደጋግማችሁ ስትስቡ መሞቁ ይብሳል። መድኃኒቱ ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ ምርምር አያስፈልገውም። የአዲስ አበባ አየር ስስ መሆኑም ትንሽ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ስለዚህ በኮይሉ ላይ የሚነፍሰው አየር የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ግን ሁሉንም በከፍታው ማሳበብ አይቻልም።

ሙቀቱ ከመጀመሪያው ስበት ጀምሮ ከሆነና ጉሮሮ የሚፍቅ፣ የተቃጠለ ጥጥ የሚሸት ጭስ ከመጣ ችግሩ ጥጡ ጋ ነው። ወይ በጣም ታጭቋል፣ ወይ አንሷል፣ ወይ ጁሱ ወፍራም ሆኖ በፍጥነት አይደርስም። ደረቅ ኮይል ሙቀቱን የሚሰጠው ፈሳሽ ስለሌለ ራሱ ይግላል። ይሄን "ትንሽ ነው፣ ይለፍ" ብሎ መሳብ አይገባም፤ ጁሱ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ከመጠን በላይ ሲግል አክሮሊንና ፎርማልዴሃይድ የሚባሉ ሳንባ የሚጎዱ ነገሮች ይወጡታል።

ኮይሉ ራሱ ደግሞ ያለ ጥጥ ሲታይ ብዙ ይናገራል። ቁልፉን ለአፍታ ነካ ነካ ስታደርጉት መቅላት ያለበት ከመሃል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጎን እኩል ነው። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ፍም ከመሰለ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛ፣ እግሩን የያዘው ብሎን ላልቷል፤ በትንሽ ካቻቪቴ አጥብቁት። ሁለተኛ፣ የሽቦው ጥቅልሎች አንዱ ከአንዱ ጋር ተጣብቀዋል ወይም ተራርቀዋል፤ በሴራሚክ ወረንጦ ዳር ዳሩን ፋቅ ፋቅ አድርጉትና ጨመቅ አድርጉት። የብረት ወረንጦ ቁልፉ እየተጫነ ኮይሉን እንዳይነካ፣ እሱ ራሱ ሾርት ነው። ተርፎ የተቆረጠው የኮይል እግር የአቶማይዘሩን ግድግዳ ወይም ክዳን ነክቶ እንደሆነም እዩ። ፀጉር የምታክል ጫፍ ብትሆንም ሾርት ማድረግ ትችላለች።

ወገቡ ከጋለ

እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ወገቡ ማለት ባትሪው ነው። ባትሪ ለብ ሊል ይችላል፣ ይሄ ያለ ነው። ግን ቱቦውን ጨብጣችሁ መያዝ የሚያስቸግር ደረጃ ከደረሰ ባትሪው ከአቅሙ በላይ እየተጎተተ ነው፣ ወይም ውስጡ ታሟል፣ ወይም የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ብዙዎቹ ሊቲየም ባትሪዎች ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ አይመከርም። 60 ዲግሪ የሆነ ብረት ደግሞ በባዶ እጅ ብዙ ሰከንድ አያስይዝም። ስለዚህ እጃችሁ እንደ መለኪያ ያገለግላል፤ እጅ ካልቻለው ባትሪውም አልቻለውም።

ሂሳቡን ሳንሠራ ግን ማለፍ አይቻልም። ቀላል ነው፣ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። 4.2ን ለኮይሉ ኦም ስታካፍሉ የሚመጣው ባትሪው የሚጠየቀው አምፒር ነው። ኮይሉ 0.5 ኦም ከሆነ 8.4 አምፒር። 0.3 ከሆነ 14 አምፒር። 0.2 ከሆነ 21። 0.1 ከሆነ 42። ልብ በሉ፣ ከ0.5 ወደ 0.1 ስንወርድ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፣ ባትሪው ላይ ግን ጭነቱ አምስት እጥፍ ሆነ።

አሁን የባትሪውን አቅም እዩ። የተለመደው 18650 የሚባለው መጠን ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ማለት ነው። ሳምሰንግ 25አር የሚባለው ያለማቋረጥ 20 አምፒር ይችላል። ኤልጂ ኤችጂ2ም 20። ሳምሰንግ 30ኪው 15 ብቻ። ከላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የወጣ ድንጋይ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጭራሽ አልተሠራም፣ የለመደው ቀስ እያለ ለሰዓታት መስጠት ነው። ኮይላችሁ 14 አምፒር የሚጠይቅ ከሆነ 15 የሚችል ባትሪ "ይበቃል" አትበሉ። ባትሪ ሲያረጅ አቅሙ ይወርዳል፣ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከተጻፈው አቅም ሁለት ሦስተኛውን አልፎ የሚሄድ ኮይል በሜካኒካል ላይ ባይሰቀል ጥሩ ነው።

ያረጀ ባትሪ ለምን እንደሚግልም ሂሳቡ ያሳያል። ባትሪም በውስጡ ሬዚስታንስ አለው። ደህናው 0.02 ኦም ነው እንበል፣ ያረጀው 0.08። ሁለቱንም 0.3 ኦም ኮይል ላይ ብትሰኩ በደህናው ባትሪ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ሦስት ዋት ተኩል ገደማ ነው፣ ባረጀው ውስጥ ግን ወደ 10 ዋት ይጠጋል። ጭሱ ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። "ባትሪው ይሞቃል፣ ጭሱ ግን ደክሟል" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ባትሪው ማርጀቱን ያለ ቴስተር መገመት ትችላላችሁ።

ፌክ ባትሪስ እንዴት ይለያል? ቀላሉ ምልክት ልባሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል 18650 ካያችሁ ውሸት ነው፣ ክርክር የለውም። በዚህ መጠን ወደዚያ ቁጥር የሚጠጋ እውነተኛ ባትሪ የለም፤ የጥሩዎቹ አብዛኞቹ ከ2500 እስከ 3500 ናቸው። ሁለተኛው ምልክት ክብደት ነው። እውነተኛው ከ45 እስከ 48 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ፒያሳ ወርቅ ቤት የምታውቁት ሰው ካለ በዚያ ሚዛን ጣል አድርጉት። 30 ምናምን ከመጣ ውስጡ ባዶ ቦታ አለው ማለት ነው። ክብደቱ ልክ ስለሆነ ግን እውነተኛ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ የላፕቶፕ ድንጋይ አዲስ ልባስ ሲለብስ ክብደቱ ያው ነው። ስለዚህ ምንጩን የማታውቁትን ባትሪ 5 አምፒር ብቻ የሚችል አድርጋችሁ ቁጠሩት። በሜካኒካል ቬፕ ቋንቋ ይሄ ማለት አትጠቀሙበት ማለት ነው።

ትልልቆቹ አምራቾች፣ ሳምሰንግም ኤልጂም፣ እነዚህን ባትሪዎች የሚሠሩት መከላከያ ቦርድ ባለው ጥቅል ውስጥ እንዲገቡ እንጂ ሰው በነጠላ ኪሱ ይዞ እንዲዞር አይደለም፣ ይሄንንም ራሳቸው በግልጽ ብለውታል። ነጠላ ባትሪ ከቤት ቁልፍና ከዝርዝር ብር ጋር አንድ ኪስ ውስጥ መክተት ቬፑ ባይኖርም አደጋ ነው። አንድ ብር ሳንቲምና የቤት ቁልፍ ተጋግዘው የባትሪውን ሁለት ጫፍ ቢያገናኙት ሱሪያችሁ ላይ ነው የሚነደው። የባትሪ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ እሱም ከጠፋ የላስቲክ ከረጢት ከምንም ይሻላል።

ስለ ልባስ ያልኩትን በቅርብ ላሳያችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ወጣት ነሐስ ቱቦ ይዞ ገባ። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይፋጃል፣ ቁልፉ ነው አሉኝ" አለ። ጠጋኙ ቁልፉን እንኳ አላየውም። የታችኛውን ክዳን ፈቶ ባትሪውን መዳፉ ላይ አወጣና መብራት ስር አዞረው። ሐምራዊ ልባስ ነው። ከአናቱ፣ ከፖዘቲቩ አጠገብ፣ የጥፍር ጫፍ የምታክል ቦታ ተልጣለች፣ ከሥሯ ብረት ያብለጨልጫል። ነጯ የወረቀት ቀለበትም አንድ ጎኗ ጠቁሯል። "ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ አይደለም፣ ይሄ ባትሪህ ራቁቱን ነው" አለው። ወጣቱ "እንግዲያው ናስትሮ ጠቅልልልኝና ልሂድ" ሲል ጠጋኙ ሳቀ። "ናስትሮ ሲሞቅ ሙጫው ይለቃል፣ ይንሸራተታል። ከዚያ እኔን ትረግማለህ።"

ጠጋኙ ልክ ነው። ብዙ ሰው የባትሪው ታች ብቻ ኔጋቲቭ ይመስለዋል። አይደለም። የባትሪው ቆርቆሮ በሙሉ፣ ከታች ጀምሮ ጎኑን ይዞ እስከ አንገቱ ድረስ ኔጋቲቭ ነው። ከፖዘቲቩ የሚለየው ያቺ ቀለበትና ያ ስስ ፕላስቲክ ብቻ ናቸው። አንገቱ ላይ ከተላጠ ፖዘቲቩን የሚነካው ብረት በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ይነካል፣ ከረንቱም ኮይሉን ትቶ በአቋራጭ ይሄዳል። በዚህን ጊዜ የሚፈሰው ከመቶ አምፒር በላይ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ጥገና በሙቀት የሚኮማተር ለ18650 የተሠራ አዲስ ልባስና አዲስ ቀለበት ነው። ያም ቢሆን ባትሪው ራሱ ካልጎደጎደ፣ ካላበጠና ካልፈሰሰ ብቻ ነው። የጎደጎደ ባትሪ ላይ አዲስ ልባስ ማልበስ ራስን ማታለል ነው።

ኮይሉ ስንት ኦም እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ብዙ ሰው ሰፈር ያለውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቴስተር ይዋሳል። እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው ሬዚስታንስ አላቸው። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ስታነካኩ ዜሮ ሳይሆን 0.2 ወይም 0.3 ሊያሳያችሁ ይችላል። ያንን ከውጤቱ ቀንሱ። 0.5 ካሳየና ገመዱ 0.3 ከሆነ ኮይላችሁ 0.2 ነው፣ የምትጠይቁት ደግሞ 8.4 ሳይሆን 21 አምፒር። በዚህ ደረጃ የአንዲት ነጥብ አንድ ስህተት ባትሪ ስለሚያቃጥል ተራ ቴስተር አይታመንም። የሚሻለው ቦርድ ያለው ቬፕ ያለውን ጓደኛ ፈልጎ አቶማይዘሩን እሱ ላይ ማሰር ነው። ስክሪኑ ኦሙን ይነግራችኋል፣ ሾርት ካለም አልተኩስም ይላል። ቁጥሩ እየዘለለ ከሆነ፣ አንዴ 0.3 አንዴ 0.25 ካለ፣ አንዱ ብሎን ላልቷል።

ሁለት ባትሪ ደርድሮ የሚይዝ ረጅም ቱቦ አለኝ የሚል ካለ፦ ሁለቱ ሲደረደሩ 8.4 ቮልት ነው። ያው 0.3 ኦም ኮይል 28 አምፒር ይጠይቃል፣ ኃይሉ 235 ዋት ገደማ ይሆናል። አስቀምጡት። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ታችኛው ክፍል፣ ቁልፉ ጋ ከጋለ

ይሄኛው በጣም የሚያጋጥም ነው፣ በአብዛኛውም ቆሻሻ ነው። ጁሱ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ባትሪው ጫፍ ላይ ይደርቃል፣ ሲሞቅ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ነሐሱና መዳቡ ደግሞ አየርና ላብ ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። ውጪው መጥቆሩ ውበት ነው፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ያጠቁረዋል። ውስጡ ግን ባትሪውን የሚነካው ነጥብና የክዳኑ ጥርሶች መንጻት አለባቸው። ጥርሶቹ ክዳን መያዣ ብቻ አይደሉም፣ ከረንቱ የሚመለሰው በነሱ በኩል ነው። ለዚህ ነው "እንዳይጣበቅ ብዬ ቫዝሊን ቀባሁት" ያለ ሰው ቬፑ ደክሞ፣ ታቹ ግሎ የሚገኘው።

ቆሻሻው ስንት ሙቀት እንደሚፈጥር ደግሞ እዩ። ንክኪው ላይ 0.05 ኦም ብቻ ተጨመረ እንበል። 0.3 ኦም ካለው ኮይል ጋር ሲደመር 12 አምፒር ይፈሳል፣ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ከ7 ዋት በላይ ይቀራል። የጣት ጫፍ በምታክል ብረት ላይ 7 ዋት ብዙ ነው።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ባትሪውን አውጡ፣ አርቁት። ክዳኑንና ቁልፉን ፍቱ። የደረቀውን ጁስ በሶፍትና በአልኮል ጥረጉ። የጠቆረውን ነሐስ ወይም መዳብ ሎሚና ጨው አሻሹበት፣ በደንብ በውኃ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ እርጥብ ቱቦ ውስጥ ባትሪ አይገባም። ነጥቧን ብቻ ለማንጻት የተማሪ ላጲስ ይበቃል፣ ሞባይል ጠጋኞችም የባትሪ ንክኪን የሚያጸዱት በዚያው ነው። ብርጭቆ ወረቀት ካላስፈለገ አትጠቀሙ፤ የተቀባውን ብር ወይም ወርቅ ይፍቀዋል፣ የሚጭረው መስመርም ቶሎ ቆሻሻ ይይዛል።

ከጸዳ በኋላም ከጋለ ቁልፉ ውስጥ ያለውን ሞላ እዩ። ሞላው ከረንት የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ ከመጠን በላይ ከረንት ሲያልፍበት ይግላል፣ የጋለ ሞላ ይለሰልሳል፣ ይተኛል። ከዚያ ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል፣ አይመለስም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሞላ በሌላቸውና በማግኔት በሚሠሩት ቁልፎችም ያው ነው፤ ተራ ኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ሲግል ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል፣ መግፋቱ ይደክማል። ስለዚህ አንዴ በጣም የጋለ ቁልፍ ከቀዘቀዘ በኋላም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። አሥር ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርጉትና ሁሌ በፍጥነት ዘሎ የማይመለስ ከሆነ ይቀየር። መቆለፊያ ቀለበት ካለው ከእጅ ሲወጣ ሁሌ ይቆለፍ። ታክሲ ውስጥ አራት ሰው በተጠጋጋበት ወንበር ላይ ኪሳችሁ ውስጥ ያለን ቁልፍ ማን እንደሚጫነው አይታወቅም።

ማቴሪያሉም ልዩነት አለው። ከረንት ለማሳለፍ መዳብ ምርጥ ነው፣ ነሐስ ይከተለዋል። የማይዝግ ብረት ሬዚስታንሱ ከመዳብ አርባ እጥፍ ገደማ ነው። ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ቱቦው በሙሉ እኩል ለብ የሚል ከሆነና ቱቦው የማይዝግ ብረት ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ከፍ ያለ ኦም ያለው ኮይል ነው።

አንገቱ፣ ማለትም አቶማይዘሩ የሚታሰርበት ቦታ

አንዳንድ ቱቦዎች ላይ አቶማይዘሩ በቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የሚያርፈው፣ መሃል ላይ ሌላ ብረት የለም። ሃይብሪድ ይባላሉ። ለነዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቁት፦ የአቶማይዘሩ መሃል ያለው ፖዘቲቭ ፒን ከዙሪያው ጥርስ በግልጽ ወጥቶ ይታያል? ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ስትጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሃይብሪድ ላይ አይታሰርም። የጥርሱ ከንፈር ባትሪውን ቀድሞ ይነካና ያ መቶ አምፒር ያልኩት ነገር ይመጣል። በፈረንጆቹ 2018 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ቬፕ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። ሁለቱም ላይ የተወረወረ ስብርባሪ ነው የገደለው። ቱቦ ዝግ ስለሆነ ውስጡ ጋዝ ሲጠራቀም መውጫ ከሌለው እንደ ጥይት ይሆናል። ቱቦው ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ለዚህ ናቸው። ለጌጥ ብላችሁ ስቲከር ወይም የላስቲክ ልባስ አትሸፍኗቸው።

ከቁጥጥር ውጪ ከሆነ

ቁልፉን ለቃችሁ እየጋለ ከቀጠለ፣ ግን ገና መያዝ ከተቻለና ድምፅ ካላወጣ፣ ክዳኑን ፍታችሁ ባትሪውን ሲሚንቶ ወይም አፈር ላይ ጣሉት። ፉጨት የመሰለ ድምፅ፣ ጭስ ወይም እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ ጣፋጭ ሽታ ካለ ግን ለመፍታት አትሞክሩ። ሰው ወደሌለበት ወርውሩትና ራቁ፣ ፊታችሁን አዙሩ። ኪሳችሁ ውስጥ ከሆነ ልብሱን አውልቁ፣ ማፈር የለም። ከነደደ ብዙ ውኃ ከርቀት ይደፋበት፤ ውኃው ባትሪውን ያቀዘቅዘዋል። ጠፋ ብላችሁ ወዲያው አታንሱት፣ ቆይቶ መልሶ ይነዳል። ቤት ውስጥ ከሆነና ወደ መጋረጃ ወይም ሶፋ ከተዛመተ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

የተቃጠለ ሰውነት ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይደረግም። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎ ሕክምና የሚታወቅ ነው። ስትደርሱ "ሊቲየም ባትሪ ነው" በሉ፤ ከእሳቱ ሌላ ኬሚካል ስለሚረጭ ሐኪሙ ይሄን ማወቅ አለበት።

ቻርጅ ላይ አጭር ነገር። ባትሪው ለብቻው፣ ለሱ በተሠራ ቻርጀር፣ ነቅታችሁ እያያችሁት ይሞላ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ባትሪው ሶኬት ላይ ባይሆን ይመረጣል። ሙሉ ካለ በኋላም የሚግል ከሆነ ሥራው አልቋል። ሲደክምም ሜካኒካሉ አይነግራችሁም፤ ጭሱ መቀነሱን ስታዩ አውጥታችሁ በቴስተር ለኩት። ለቮልት ተራ ቴስተር በደንብ ይታመናል። ወደ 3.4 ቮልት ከወረደ ወደ ቻርጀር ነው።

ሥራው ያለቀውን ባትሪ ደግሞ ሁለቱን ጫፍ በናስትሮ ሸፍናችሁ፣ ከሚነድ ነገር አርቃችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ናስትሮ ለዚህ ነው የሚሆነው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከካርቶንና ከፌስታል ጋር ከተጨፈለቀ እሳት ያስነሳል። ለቁራሌም አትስጡት፣ አዲስ ሐምራዊ ልባስ ለብሶ፣ 9900 ተጽፎበት ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።